የድርሰት ርስት ዕድሜ

አባት ለልጁ የሚያወርሰው ቤትና ከብት ብቻ አይደለም፤ የጻፈው መጽሐፍም ርስት ነው። በዴራ ወይም በአሰላ በአንድ ቤት ሣጥን ውስጥ የአባት ድርሰት ተቀምጦ ቢገኝ፣ ባለቤቱ ማን ነው? እስከ መቼስ ነው? ብሎ መጠየቅ ለቤተ ሰቡ ይገባል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 እንደሚደነግገው፣ ደራሲው በሕይወት ሳለ የድርሰቱ ጥቅም የራሱ ነው፤ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ለወራሾቹ ይሆናል። ሁለት ሰዎች በኅብረት የጻፉት እንደ ሆነ፣ ዘመኑ የሚቈጠረው ኋለኛው ከሞተበት ቀን ጀምሮ ነው። የፎቶግራፍ ዘመን ግን አጭር ነው፤ ከተነሣበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው።

ምሳሌ እንስጥ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ የድርሰታቸው ዘመን እስከ 2046 ይደርሳል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ግን ያረፉት በ1931 ዓ.ም. ነውና፣ 50ው ዓመት ካለፈ ብዙ ጊዜ ሆኗል።

ዘመኑ ሲፈጸም ድርሰቱ የሕዝብ ሁሉ ይሆናል፤ ይህም መልካም ነው፤ ዕውቀት ለዘላለም ታስሮ ሊኖር አይገባውምና። ዳሩ ግን ዘመኑ ሳይፈጸም መበለቲቱና ልጆቹ ዋጋውን ሳያውቁ ለአሳታሚ እንዳይፈርሙ፣ አባት በሕይወቱ ሳለ የጻፈውን ሁሉ ቈጥሮ ለማን እንደሚሆን በኑዛዜ ቢያኖር ይሻላል። የእርሻ ድንበር በሽማግሌ ምስክርነት ይታወቃል፤ የድርሰት ድንበር ግን በጽሑፍ ካልጸና ለክርክር ይተርፋል።