ጓንት ጠፋ ወይስ ሕሊና?

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላሉ አበው። ይበሉ። እኔ ግን አልደበቅሁም። ሰገራዬ ላይ ደም ባየሁ በሳምንቱ ክሊኒክ ሄጄ፣ እያፈርኩም ቢሆን፣ ጥርት ባለ አማርኛ “ደም አለው” ብዬ ተናግሬያለሁ። ታዲያ የተናገርኩትን ማን ደበቀው? ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ይህንኑ ለመጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው ክሊኒክ “አሜባ ነው” አለኝ። ለመሆኑ በዚች ሀገር አሜባ ያልተባለ የሆድ ሕመም አለ? ሰገራ ተቀብለው፣ ሜትሮኒዳዞል ጽፈው ሸኙኝ። ሁለተኛው “ኪንታሮት ነው፤ ቁጭ ብለሽ ስለምትጽፊ ነው” ብሎ ቅባት አዘዘልኝ። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ፊቴ አመድ መስሏል፣ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይደልቃል። “ደም ማነስ ነው፤ ሴት ስለሆንሽ ነው። ጉበትና ቀይ ሥር ብዪ” ተባልኩ። ካንሰር ሊሆን ይችላል ወይ ብዬ ብጠይቅ ዶክተሩ ሳቁ። “በ33 ዓመትሽ?” የሦስቱንም ስም አልጠራም። ስማቸው ቢለያይም ሥራቸው አንድ ነው፤ እናንተ ሰፈር ያለውም ክሊኒክ ከዚህ አይለይ ይሆናል።

አሥራ አንድ ወር እንዲህ ተንከራተትኩ። በመጨረሻ አንድ ሐኪም አገኘሁ፣ እግዜር ይስጣቸው። ጓንት አጠለቁና በጣታቸው ዳሰሱ። አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም፤ ዕባጩን አገኙት። ከዚያ በኋላ የመጣው ካሜራ ያለው ቱቦ፣ ናሙናውና ሲቲ ስካኑ የእሳቸውን ጣት ማረጋገጫ ነበር። ጉበቴ ላይ ደርሷል። ደረጃ አራት። አምስት የሚባል ደረጃ የለም።

እንግዲህ ፍረዱ! ለካርድ ከፈልኩ፣ ለላብራቶሪ ከፈልኩ፣ ለመድኃኒት ከፈልኩ። በሦስት ክሊኒክ ግን አንድም ሰው ጓንት አላጠለቀም። በጣት የሚገኝ ዕባጭ አሥራ አንድ ወር ሙሉ በማይክሮስኮፕ ትል ሲፈለግለት ከረመ።

“ወጣት ነሽ” የሚሉት ነገር ደግሞ አለ። ይህን በሽታ የሽማግሌ ያደረገው ማን ነው? “ብላክ ፓንተር” በተባለው ፊልም ዓለም ያወቀው ተዋናይ ቻድዊክ ቦስማን በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የሞተው በአንጀት ካንሰር ነው፤ በ43 ዓመቱ። በሽታው የተገኘበት ከዚያ አራት ዓመት ቀድሞ ነው። አሜሪካኖቹ በበኩላቸው ወጣቶቻቸው እየበዙ ሲታመሙባቸው በግንቦት 2013 ዓ.ም. የምርመራ መጀመሪያውን ዕድሜ ከ50 ወደ 45 አወረዱት። እኛ ዘንድ የትኛው ዕድሜ ወርዶ ነው? ጭራሽ ዕድሜም አልተቆረጠለት!

ነገሩ የሚያንገበግበው መዳን የሚችል በሽታ በመሆኑ ነው። አብዛኛው የአንጀት ካንሰር የሚጀምረው ፖሊፕ ከሚሉት ትንሽ ጉብታ ነው። ያቺ ጉብታ ካንሰር እስክትሆን ብዙ ጊዜ አሥር ዓመት ያህል ትወስዳለች። አሥር ዓመት! በዚያ መሀል በካሜራ ያያት ሐኪም እዚያው ቆርጦ ያወጣታል፣ ነገሩም አበቃ። ካንሰር ከሆነ በኋላ እንኳ ከአንጀት ሳይወጣ ከተደረሰበት፣ በአሜሪካኖቹ አኃዝ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ያህል አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። እንደኔ ወደ ሌላ አካል ከተሠራጨ ግን ከአሥሩ ሁለት እንኳ አይሞላም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ገደል ነው እንግዲህ “አሜባ ነው” የሚባለው።

“ደሃ ሀገር ነን” የሚለው መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እሺ፣ ደሃ ነን። ለሁሉም ሰው ካሜራ ይግባለት አላልኩም፤ ያን ያህልም የዋህ አይደለሁም። ግን ሰገራ መመርመር ለዚህ ሕዝብ አዲስ ነገር ነው? በክብሪት ቀፎ ሰገራ ይዞ ክሊኒክ የሄደ ትውልድ እኮ ነን! ያው ሰገራ በዓይን የማይታይ ደም እንዳለው የሚለይ ቀላል ምርመራ አለ። ጤና ጣቢያው ትሉን እንደሚፈልግ ደሙንም ይፈልግ። ለማህፀን በር ካንሰር በ2011 ዓ.ም. ለልጃገረዶች ክትባት ተጀምሯል፣ እሰየው ብለናል። ለአንጀቱ ሲሆን ግን ሹማምንቶቻችን አፋቸው ይተሳሰራል። ፊንጢጣ ማለት አፍረው ይሆን?

ደግሞስ እነሱ ምን ቸገራቸው! ትንሽ ሲያማቸው ባንኮክ ነው፣ ሕንድ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እንኳ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ያረፉት ውጭ ሀገር ሆስፒታል ነው፤ ምን ሲያማቸው እንደቆየ በጊዜው በግልጽ የነገረን አልነበረም። በሽታን መደበቅ ከላይ የወረደ ባህል ነው እንጂ ከኛ የመጣ አይደለም። ሕዝቡ ግን ለብዙ ዓመታት ለጨረር ሕክምና ከመላ ሀገሪቱ ወደ አንድ ቦታ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ፣ ነበር የሚጎርፈው። አሁን በጥቂት የክልል ሆስፒታሎችም ተጀምሯል፤ መጀመሩ ጥሩ ነው፣ ለተሰለፈው ሰው ግን የት ይበቃል?

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ሹማምንቱ እስኪነቁ አንተም አንቺም ራሳችሁን ጠብቁ። ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ የሰገራ ልማድ ተለውጦ ሳምንታት ከቆየ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ ወይም ደም ካነሳችሁ፣ “አሜባ” የሚል ወረቀት ይዛችሁ አትውጡ። “በጣት ይመርምሩኝ፣ ካሜራም ይታዘዝልኝ” በሉ። ነውር የለውም። 45 የሞላችሁ ምንም ባያማችሁም ተመርመሩ። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት በዚህ በሽታ የታመመባችሁ ደግሞ በ40፣ ወይም ዘመዳችሁ ከታመመበት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀድማችሁ ጀምሩ፤ ከሁለቱ የቀደመውን ያዙ።

እኔ በየሁለት ሳምንቱ ኬሞ እወስዳለሁ። አንጀቴ እንዳይዘጋ ሆዴ ላይ ከረጢት ተለጥፏል። በጽሑፍ ቁጥር የሚከፈለኝ ሰው ስለሆንኩ፣ ጣቴን በማያደነዝዘኝ ቀን እጽፋለሁ። ያለፈው ጽሑፌ ሲከፈለኝ መቶ ፍሬ የያዘ አንድ ፓኮ ጓንት ገዝቼ፣ የሕክምና ካርድ ቁጥሬን ላዩ ላይ ጽፌ፣ ለሦስተኛው ክሊኒክ ልኬላቸዋለሁ። እስከ ዛሬ “ደርሶናል” ያለኝ የለም።