የልብ ፓምፕና ከሆስፒታል ደጅ በኋላ ያለው ሕይወት

ለጠና የልብ ድካም የሚተከለው መካኒካዊ ፓምፕ ዕድሜ እንደሚያራዝም በጥናት ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ሪማች የተሰኘው ጥናት ለልብ ንቅለ ተከላ ብቁ ያልሆኑ 129 ሕሙማንን ተከታትሏል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ፓምፕ ከተተከለላቸው 52 በመቶው፣ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ደግሞ 25 በመቶው በሕይወት ነበሩ። በ2022 በታተመው የሞመንተም 3 ጥናት ሃርትሜት 3 ከተተከለላቸው ሕሙማን 58.4 በመቶው አምስት ዓመት በሕይወት ቆይተዋል።

ይሁን እንጂ እነዚህ አኃዞች የሚመዝኑት ፓምፑን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን የክትትል ሥርዓት ጭምር ነው። ፓምፑ ኃይል የሚያገኘው በሆድ ቆዳ በኩል በሚወጣ ገመድ ሲሆን፣ ሙሉ ኃይል የያዙ ጥንድ ባትሪዎች እስከ 17 ሰዓት ያገለግላሉ። ገመዱ የሚወጣበት ቦታ በንጽሕና ካልተያዘ ያመረቅዛል፤ በሪማች ጥናት ፓምፕ ከተተከለላቸው ሕሙማን መካከል ቀዳሚው የሞት ምክንያት ኢንፌክሽን ነበር። ደም በፓምፑ ውስጥ እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይሰጣል፤ የመድኃኒቱ መጠን ካልተመጠነ ግን ሕመምተኛው ለደም መፍሰስ ወይም ለስትሮክ ይጋለጣል።

ይህ ሁሉ በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በሽንፋ ሲታሰብ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። በዚያ ሙቀትና ላብ ገመዱ የሚወጣበትን ቦታ ደረቅ አድርጎ መያዝ አዳጋች ነው። በሰሊጥ አጨዳ የሚውል ሰው ከሰውነቱ ብዙ ፈሳሽ ያጣል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሲቀንስም ፓምፑ የሚገፋው ያጣል። መብራት ለአንድ ቀን ቢጠፋ ወይም የጎንደር መንገድ ቢዘጋ አደጋው የሕይወት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ፓምፑ ለኢትዮጵያ ቅንጦት ነው ማለት ግን ስሕተት ነው። በሩማቲክ የልብ ሕመም ምክንያት ሰው ሠራሽ ብረት ቫልቭ የተገጠመላቸው ወጣቶች ዛሬም ያንኑ ዋርፋሪን ይወስዳሉ፤ ያንኑ አይ.ኤን.አር. የተባለ የደም ምርመራም ይሻሉ። ፓምፑ ነገ የሚጠይቀውን ሥርዓት እነርሱ ዛሬ እየጠየቁ ነው።

ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 1,006 የድንገተኛ ልብ ድካም ሕሙማንን መዝግቦ በ2012 የወጣው ቴሰስ የተባለው ጥናት ይህን ያጠናክራል። የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት ነበር፤ በ180 ቀናት ውስጥ 17.8 በመቶው ሞተዋል። ከዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች መካከል የደም ግፊትና ሩማቲክ የልብ ሕመም ይገኛሉ፤ ሁለቱንም በጤና ጣቢያ ደረጃ በክኒንና በፔኒሲሊን መርፌ በጊዜው መግታት ይቻላል።

ስለዚህ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ ሊያበቁ አይገባም። ወደ ቆላው ከተመለሱት ውስጥ መድኃኒት ሳይቋረጥባቸው የቆዩት ስንት ናቸው? ደማቸው በቀጠሮው የተመረመረላቸውስ? በመዝገብ ላይ «ከክትትል የጠፋ» ተብሎ የሚታለፈው ሰው ተፈልጎ መገኘት፣ ሞቶም ከሆነ ሞቱ መቈጠር አለበት። ያን ሳያደርግ የልብ ሕክምና ውጤትን የሚዘግብ ጥናት በሕይወት የመቆየትን መጠን ከእውነቱ አብልጦ ያሳያል፤ ፓምፑ በመጣ ጊዜም ስሕተቱን ይደግመዋል።