የፌስታል ክልከላውና ከሞላሰስ የሚገኘው ፕላስቲክ

በተለምዶ ፌስታል እየተባለ የሚጠራው የፕላስቲክ ከረጢት በከተሞች ጽዳትና በፍሳሽ መውረጃዎች ላይ የሚያደርሰው ችግር ይታወቃል። በደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 በስስ ከረጢቶች ላይ ገደብ የተጣለ ሲሆን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም ያጸደቀው አዋጅ ደግሞ ክልከላውን አጠናክሮታል። ይሁንና ክልከላ ብቻውን ምትክ አያመርትም።

ከምትኮቹ አንዱ በባክቴሪያ አማካይነት የሚመረተው ፖሊሃይድሮክሲቡቲሬት፣ በአጭሩ ፒ.ኤች.ቢ. ነው። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሞሪስ ለሟኝ እ.ኤ.አ በ1926 ይፋ ያደረገው ይህ ባዮፖሊመር እንደ ፕላስቲክ ቀልጦ ቅርጽ ይይዛል፤ አፈር ውስጥ ሲገባ ግን በረቂቅ ተህዋስያን ተበልቶ ወደ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል።

ባክቴሪያዎቹ ፒ.ኤች.ቢ. የሚያከማቹት እንስሳ ስብ እንደሚያከማች ሁሉ ለችግር ጊዜ ስንቅ እንዲሆናቸው ነው። ስኳር ተትረፍርፎ ናይትሮጅን ወይም ፎስፎረስ ሲያጥራቸው መራባታቸውን ገትተው ስኳሩን ወደ ክምችት ይለውጡታል። ሁኔታው ከተመቻቸ ክምችቱ ከደረቅ ክብደታቸው እስከ 80 በመቶ ሊደርስ ይችላል። በመሆኑም የማብላላቱ ሂደት በአብዛኛው ሁለት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው የተሟላ ምግብ አግኝተው ይራባሉ፤ በሁለተኛው ናይትሮጅን ተቀንሶ ስኳር ይጨመርላቸዋል። ናይትሮጅኑ ቀድሞ ከተቋረጠ የባክቴሪያው መጠን ያንሳል፤ ከዘገየ ደግሞ ስኳሩ በመራባት ያልቃል። 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሆነ ሙቀት፣ ወደ 7 የተጠጋ ፒኤችና በቂ አየርም ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የዋጋ ጉዳይ ነው። አይ.ሲ.አይ. የተባለው የብሪታንያ ኩባንያ የጀመረው ባዮፖል የተሰኘ ምርት ከነዳጅ ከሚሠራው ፕላስቲክ በብዙ እጥፍ በመወደዱ ሊስፋፋ አልቻለም፤ በኋላ የተረከበው ሞንሳንቶም እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራውን አቁሟል። በብራዚል ሳኦ ፓውሎ ግዛት ግን ምርቱ ከስኳር ፋብሪካ ጋር ተቀናጅቶ ተሞክሯል። ለአንድ ኪሎ ግራም ፒ.ኤች.ቢ. 3 ኪሎ ግራም ያህል ስኳር የሚፈልገው ይህ አሠራር ኃይሉን ከአገዳ ገለባ በማግኘቱ ወጪውን መቀነስ ችሏል።

የብራዚሉ ተሞክሮ የስኳር ፋብሪካዎች ላሏት ኢትዮጵያም ትምህርት ይሰጣል። የስኳር ተረፈ ምርት የሆነው ሞላሰስ ርካሽ ግብዓት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ናይትሮጅንና የተለያዩ ጨዎችን የያዘ፣ ይዘቱም ከፋብሪካ ፋብሪካ የሚለያይ በመሆኑ ናይትሮጅንን የመቆጣጠሩን ሥራ ያከብደዋል። በዘርፉ በስፋት የታወቀው ኩፕሪያቪደስ ኔካቶር የተሰኘ ባክቴሪያም በተፈጥሮው የአገዳን ስኳር በቀጥታ አይመገብም፤ ስኳሩ አስቀድሞ መከፋፈል አለበት። ከዚህም በላይ ሞላሰስ በፊንጫና በመተሐራ ለኢታኖል ማምረቻነት ሲውል የቆየ ሲሆን፣ የከብት መኖም ነው።

ስለዚህ ውሳኔ ሰጪ አካላት ሊጠይቁት የሚገባው ባዮፕላስቲክ መመረት መቻሉን አይደለም፤ ይህ ከተረጋገጠ ቆይቷል። ጥያቄው አንድ ቶን ሞላሰስ ከኢታኖል፣ ከመኖና ከፒ.ኤች.ቢ. በየትኛው የበለጠ ጥቅም ይሰጣል የሚለው ነው። ምላሹ የሚገኘው የየፋብሪካውን ሞላሰስ በመመርመርና የማብላላቱን ሁኔታ በአነስተኛ ማምረቻ በመፈተን ነው። ይህ ሳይቀድም የሚተከል ፋብሪካ በቴክኒክ ቢሳካ እንኳ በገበያ መሸነፉ አይቀርም።