ወራጅ አለ!

ከሰላምታ ቀጥሎ በየቀኑ አብዝተን የምንናገረው ዐረፍተ ነገር የትኛው ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ «ወራጅ አለ» ነው እላችኋለሁ። ተሳፋሪው ይናገራታል፤ ረዳቱ ተቀብሎ የመኪናውን ገላ በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል፤ ሾፌሩ ይሰማል፤ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዘንቢላቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። በመኪናው ውስጥ ያለ ነፍስ ሁሉ፣ እግሩ ታስሮ ከወንበር ሥር የተጋደመው ዶሮ ሳይቀር፣ ልንቆም መሆኑን ያውቃል። ያልተነገረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ከኋላችን የሚመጣው።

ስለዚህ ሰው ከጻፍኋቸው ግጥሞች መካከል እስካሁን ያልቀደድኋት ይህችን ብቻ ነው፦

ወራጅ አለ ሲባል፣ ውስጥ ሁሉም ሲሰማ፣
ከኋላ ላለው ሰው መንገዱ ጨለማ።

ሦስተኛው መስመር እንቢ ስላለኝ በስድ ንባብ ልሞክረው።

የምኖረው ሲሪንቃ ነው፤ ከአዲስ አበባ 508 ኪሎ ሜትር ላይ፣ በመርሳና በወልድያ መካከል። አገር የሚያውቃት በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። ወልድያ በሚገኝ አንድ ባንክ ተቀጥሬ ጧትና ማታ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ለእኛ የሰፈር ጎዳና የሆነው አስፋልት ለሌላው ከደሴ ወደ ወልድያና ከዚያም ወዲያ የሚወስድ የአገር አቋራጭ መንገድ ነው። በዚያው አንድ መስመር ላይ ተሳቢ የጎተተው ከባድ መኪና ያልፋል፣ ባጃጅ ሰው ያወርዳል፣ ተማሪ ይሻገራል፣ በግ ይነዳል። ሁሉም ተራውን በዓይኑ ይለምናል እንጂ በምልክት አይጠይቅም።

ካቻምና በጥር ወር አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ነበር። ቀና ስል መውረጃዬ ደርሷል። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኽሁ። ሾፌሩ ታዛዥ ሰው ነበርና ወዲያው ወደ ቀኝ ቆረጠው። ፍሬን እንጂ ፍሬቻ አልነበረም። በእኛና በአስፋልቱ ጠርዝ መካከል ይመጣ የነበረ ባጃጅ ሸሽቶ ቦዩ ውስጥ ተገለበጠ። እግዜር ይስጠው ተሳፋሪ አልጫነም። ሾፌሩ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ቅልጥሙ ተሰበረ። ባጃጁ የራሱ አይደለም፤ በየቀኑ ለባለቤቱ ገቢ የሚያስገባበት ነው። ልጁ አራት ወር ተኛ፤ እናቱ ጠላ ጠምቀው ቤቱን አቆዩት።

ሽምግልና ተቀመጥን። የሚኒባሱ ሾፌር ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሕክምናውንም ከፈለ። ነገር ግን በተጠየቀ ቁጥር «ወላሂ፣ ከኋላዬ ማንም አልነበረም» እያለ ይምል ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ብዙ ሲያዳምጡ ቆይተው፣ «ልጄ፣ አልነበረም ወይስ አላየኸውም?» አሉት። መልስ አልሰጠም። ዱዓ ተደረገ፣ ቡና ተጠጣ፣ ይቅር ተባባሉ። የእኔን ድርሻ ማንም አልጠየቀኝ፤ እኔም አልተናገርሁም። ይኸው እዚህ እናገራለሁ።

የሽማግሌው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አብሮኝ ይሳፈራል። «ማንም የለም» የሚለው ምክንያት በየመንገዱ የምሰማው ነው፤ የተማረውም ያልተማረውም ይለዋል። ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፦ ያየኸውን ሰውማ ትጠብቀዋለህ፣ ታሳልፈዋለህ፣ ቢያንስ ትሰድበዋለህ። ፍሬቻ የተሠራው ላላየኸው ሰው ነው። ስፖኪዮው የማያሳይህ ስፍራ አለ፤ ባጃጅ ደግሞ ለዚያ ስፍራ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። ስለዚህ «ማንም ስላልነበረ ፍሬቻ አላሳየሁም» የሚል ሾፌር፣ «እርግጠኛ ስለሆንሁ ገንዘቡን አልቆጠርሁም» ከሚል ገንዘብ ያዥ አይለይም። እኛ ቤት እንዲህ ያለው ሰው ጉድለቱን ከደመወዙ ይከፍላል። መንገድ ላይ የሚከፍለው ሌላው ነው።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ግድም ይጓዛል። ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭ እንዲል ተደርጎ ይሠራል። ለሦስት ሰከንድ ቀድመህ ብታበራው ከኋላህ ያለው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ብልጭታ ያያል፤ 50 ሜትርም ተሰጠው ማለት ነው። 50 ሜትር ለሲሪንቃ ብዙ ነው፤ አንድ ቅልጥም ያድናል።

ወደ ወልድያ ልውሰዳችሁ፤ ጉዳዩ እዚያ ይረቅቃል። አምና መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ስማር በተተከሉ እንጨቶች መካከል መኪናውን ወደ ኋላ አስገብቶ ማቆምን ለሳምንታት ተለማመድሁ። መሪውን መቼ ሙሉ እንደምቆርጥ፣ መቼ እንደምመልስ ዛሬም በሕልሜ አውቀዋለሁ። አስተማሪዬ እንጨት እንዳልነካ እንጂ ለማን ምን እንደምናገር አንድም ቀን አልነገረኝም። ስለ ፍሬቻ ስጠይቀው፣ «እርሱ ለፈተናው ቀን ነው» አለኝ። እንጨት ከኋላ አይመጣም፤ እንጨት ልጅ አላዘለም።

እውነተኛው ጎዳና ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሁለት የቆሙ መኪኖች መካከል ልትገባ ከፊተኛው አጠገብ ስትቆም፣ ከኋላህ ያለው ተጠግቶህ ይቆማል። ቀድመህ የቀኙን ፍሬቻ ካላሳየኸው ሊያልፍህ ነው ወይስ ሊጠብቅህ ነው? አያውቅም። ወደ ኋላ ስትገባ ደግሞ ጅራቱ ወደ ቀኝ ሲሄድ የመኪናው አፍንጫ ወደ ግራ፣ ወደ መንገዱ መካከል ይወጣል። ያን ጊዜ ነው ባጃጁ ወይም ሞተር ብስክሌቱ ሾልኮ ለማለፍ የሚሞክረው። ይህንም ጨምሩበት፦ መሪውን ወደ ቀኝ ቆርጠህ መልሰህ ወደ ግራ ስታዞረው፣ ፍሬቻው «ታጥፎ ጨረሰ» ብሎ ራሱን ያጠፋል። አፍንጫህ ገና መንገዱ ላይ ነው፤ አንተ እየተናገርሁ ነው ትላለህ፤ መኪናህ ግን ዝም ብሏል። እንደገና ማብራት አንድ ጣት ይበቃዋል። እስካሁን ይህን ሲያደርግ ያየሁት ሾፌር ሁለት ሰው ነው፤ አንደኛው እኔ ነኝ (ገና ጀማሪ ስለሆንሁ እንጂ ከጽድቄ አይደለም)።

ከቆመበት የሚወጣው ይብሳል። አራቱንም ፍሬቻ በአንድ ላይ አብርቶ ዳቦ ሊገዛ ገብቶ፣ ተመልሶ፣ እንዳበራቸው ወደ መንገዱ ይገባል። አራቱም ሲበሩ ግራና ቀኝ ትርጉም የላቸውም። ብዙዎች ይህን ቁልፍ እንደ ይለፍ ወረቀት ቆጥረውታል፤ ከነኩት በኋላ የትም ቢቆሙ፣ እንዴትም ቢወጡ የተፈቀደላቸው ይመስላቸዋል።

በዚህ ላይ የከባድ መኪና ሾፌሮች ቋንቋ አለ። ይህን ቋንቋ አከብረዋለሁ። ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ከፊት ያለው የቀኙን ሲያሳይህ «መንገዱ ክፍት ነው፣ ቅደመኝ» ማለቱ ነው፤ የግራውን ሲያሳይህ «ቆይ፣ የሚመጣ አለ።» ስምህን የማያውቅ ሰው ከሞት ሲመልስህ ከዚህ የበለጠ ወንድማማችነት ከየት ይመጣል? ችግሩ ይህ ቋንቋ ከተማ ሲገባ ነው። ሲሪንቃ መካከል አንድ ከባድ መኪና የቀኙን ቢያበራ ሊቆም ነው? ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ነው? ወይስ ቅደመኝ እያለ ነው? ሦስት ትርጉም ያለው ቃል ለቅኔ ያምራል። ሰምና ወርቁን እስክፈታ ግን ፍሬን የምይዝበት ጊዜ አልፏል። ዳገቱ ላይ ቅኔውን ይዛችሁ ቆዩ፤ ከተማ ስትገቡ በአማርኛ ንገሩን።

«ፍሬቻ» ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ፍላጻ ማለት ነው። መኪናን፣ ፍሬንን፣ ጎማን፣ ስፖኪዮን ከዚያው ቋንቋ ወስደን የራሳችን አድርገናቸዋል። ፍሬን የሌለው መኪና የሚነዳ ሰው እብድ ይባላል። ፍሬቻ የሌለውን ግን ማን ምን ይለዋል? «አምፖሉ ተቃጥሎ ነው» ይባላል፣ አለቀ። የዚያው ሰው ባጃጅ ከፊት እስከ ኋላ በባለ ቀለም መብራት ያሸበረቀ ነው። ከኋላው የተለጠፈው ጥቅስ ስለ ፍቅር፣ ስለ ምቀኛ፣ ስለ ዕድል ይመክረኛል። ወዴት ሊታጠፍ እንደሆነ ብቻ አይነግረኝም።

«ሕዝባችን አይለምድም» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። ይህ አገር በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት የተሻገረ አገር ነው። እጁና ዓይኑ የለመዱትን ሁሉ የገለበጠ ሾፌር ነበረን፤ የእርሱ ልጅ አንድ ጣት ማንቀሳቀስ አይለምድም ማለት ስድብ ነው፤ እኔ ደግሞ ስድቡን አልቀበለውም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በርክተዋል። ቀድሞ ሞተሩ እያጓራ «መጣሁ፣ ልነሣ ነው» ይለን ነበር። እነዚህ ከቆሙበት ሲነሡ ድምፃቸው አይሰማም። ፍሬቻውም ዝም ካለ በምን እንወቅ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፈታኞች ሆይ፣ እንጨት የነካውን እንደምትጥሉት ሁሉ ሳይናገር የገባውንና ሳይናገር የወጣውን ጣሉት። ረዳቶች ሆይ፣ ያን ብርቱ ጉሮሯችሁን ስለ ፍሬቻም አንድ ጊዜ ለሾፌሩ አሰሙት። እኛ ተሳፋሪዎች ደግሞ ስልካችንን አስቀምጠን ትንሽ ቀደም ብለን እንናገር።

እኔ ጀምሬያለሁ። ባለፈው ሳምንት ከመውረጃዬ ብዙ ርቀን ሳለን «ወራጅ አለ» አልሁ። ሾፌሩ ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ ገና ነው እኮ» አለኝ።

«አውቃለሁ። ለኋለኞቹም ንገርልኝ ብዬ ነው።»

በመስታወቱ አየኝና ሳቀ። ጣቱን ሰደደ፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚለው ድምፅ ተሰማኝ። ደስ ብሎኝ ወርጄ ዞር ብዬ ባየው የበራው የግራው ነው።