የሕፃናትን አንደበት ስለ መርዳት

እግዚአብሔር ሰውን ከእንስሳት ለይቶ ካከበረበት ጸጋ አንዱ ቃል ነው። ሰው በቃል ይማራል፤ በቃል ያስተምራል፤ በደሉን በቃል ያሰማል፤ ደስታውን በቃል ይገልጣል። ስለዚህ አንደበቱ ያልተፈታለት ሕፃን የጐደለው ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ርቦኛል፥ አሞኛል፥ ፈርቻለሁ ብሎ ለእናቱ የሚያስታውቅበት መንገድ ጭምር ነው።

ነገሩ እንዲህ ሲሆን ልጅ ከመናገር በዘገየ ጊዜ በየቤቱ የሚሰማው ቃል ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ተዉት፥ ሲያድግ ይናገራል፤ አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» የሚል ነው። ሁለተኛው «ይህ የእርግማን ፍዳ ነው» የሚል ነው። የፊተኛው ጊዜን ያጠፋል፤ የኋለኛው ልጁን ከጎረቤት ዓይን ያሸሽገዋል። ጌታችን ግን ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው በተጠየቀ ጊዜ ነገሩ የእርሱም የወላጆቹም የኃጢአት ፍዳ እንዳልሆነ ለደቀ መዛሙርቱ አስረድቷል። ሊቀ ነቢያት ሙሴም አንደበቱ ይከብደው ነበር፤ ሆኖም ወንድሙ አሮን ረዳት ሆኖ ተሰጠው እንጂ ሕዝብን ከመምራት አልተከለከለም። እንግዲህ አንደበቱ ለከበደው ሰው የሚገባው ረዳት ነው፤ ነቀፋ አይደለም።

በዘመናችን ይህን ረዳትነት ሙያ አድርገው የያዙት የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ናቸው። ጥቅሙን ለመረዳት የእንግሊዙን ንጉሥ የጊዮርጊስ 6ኛን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። እኒህ ሰው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይንተባተቡ ስለ ነበር በአደባባይ መናገር እጅግ ይጨንቃቸው ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1926 ዓ.ም. ሊዮኔል ሎግ ወደሚባል አውስትራልያዊ ባለሙያ ሄደው የትንፋሽና የአነጋገር ልምምድ ጀመሩ። በ1937 ዘውድ ጫኑ፤ በ1939 ጦርነት በታወጀ ጊዜም በራዲዮ ለሕዝባቸው ተናገሩ። መንተባተቡ ፈጽሞ አልጠፋም፤ ነገር ግን ገዥ መሆኑ ቀርቶ ተገዥ ሆነ። የንጉሥ ልጅ እንኳ በልምምድ የሚረዳ ከሆነ የገበሬው ልጅ ለምን ይከለከላል?

የዚህ ሕክምና ሥራው በአብዛኛው በጨዋታና በልምምድ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የልጁ ጆሮ ይመረመራል፤ ያልሰማ አይናገርምና። ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ሐኪም ከሰፋለትም በኋላ ድምፁ በአፍንጫው እንዳይወጣ መልመድ ሊያስፈልገው ይችላል። «በሬ» ለማለት ፈልጎ «በሌ» የሚለው ኰልታፋ ልጅ ዕድሜው ካለፈ ምላሱን የት እንደሚያሳርፍ ይማራል። ኦቲዝም ያለበት ልጅም በቃል ቢሳነው በሥዕልና በምልክት ሐሳቡን እንዲያስታውቅ ይደረጋል። አንዳንዶች ምልክት ልጁን ከመናገር ያሰንፈዋል ብለው ይፈራሉ፤ ነገር ግን ምልክት ወደ ቃል የሚያሻግር ድልድይ እንጂ መንገድ የሚዘጋ አጥር አይደለም።

ሆኖም ባለሙያው ልጁን የሚያየው በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው፤ እናትና አባት ግን ቀኑን ሁሉ ከእርሱ ጋር ናቸው። ስለዚህ ታላቁ ሥራ የቤት ሥራ ነው። ሕፃኑ «ውኃ» ሲል እናቱ «ቀዝቃዛ ውኃ ትፈልጋለህ? እነሆ ውኃ» ብላ አንዱን ቃል ሦስትና አራት ታድርግለት። ጠይቃው ዝም ሲል እርሷው ፈጥና አትመልስለት፤ ጥቂት ትታገሠው። መንተባተብ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፤ ከልጆቹም ብዙዎቹ እየቆዩ ይተዉታል። የማይተወው ግን እርዳታ ያስፈልገዋል። ስለ ሆነም የሚንተባተበውን ልጅ ቃሉን ከአፉ ነጥቆ መጨረስ፥ «ቶሎ በል» ብሎ መቆጣት፥ ይልቁንም በእኩዮቹ ፊት መሳቂያ ማድረግ ሸክሙን ያከብድበታል። ዝግ ብሎ የሚያናግረውና ዓይን ዓይኑን እያየ የሚሰማው ሰው ይሻለዋል።

ለዚህ ሥራ የሚሆን መሠረት ከራሳችን ቤት አለ። የቄስ ትምህርት ቤት መምህር የግዕዝ ንባብ ሲያስተምር ተነሹን ከወዳቂው፥ ሰያፉን ከተጣዩ የሚለይ ጆሮ አለው፤ አንዲት ድምፅ ብትዛነፍ ልጁን መልሶ ያስብለዋል። ፊደላችንም ራሱ ድምፅን ከድምፅ ለይቶ የሚያሳይ ሰሌዳ ነው። ይህን ያስተዋሉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። እኒህ እናት የኦቲዝም ልጅ ወልደው አሳድገው፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። ቃል ያልወጣላቸውንም ልጆች ለመርዳት በፊደላችን ድምፅ ላይ የተመሠረተ ማስተማሪያ አዘጋጅተው «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ብለው ሰየሙት። በ2021 ቢያርፉም በቤት ተሸሽገው የነበሩ ልጆች ወደ አደባባይ እንዲወጡ የከፈቱት መንገድ አልተዘጋም።

እንግዲህ ቀሪው ጕዳይ የጊዜ ነው። ሕፃን በአንድ ዓመቱ ገደማ የመጀመሪያ ቃሉን ይላል፤ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ያጋጥማል፤ በሦስት ዓመቱ እንግዳ ሰው እንኳ አብዛኛውን ንግግሩን ይረዳዋል። ልጅ ሁሉ በአንድ ቀን አይናገርም፤ ነገር ግን ከዚህ እጅግ የዘገየውን መመርመር ይገባል። እኛ ግን ብዙውን ጊዜ ችግሩን የምናስተውለው ልጁ በ7 ዓመቱ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። በዚያን ጊዜ አንጐሉ ቋንቋን ለመቀበል እጅግ የተዘጋጀበት ዘመን አልፎበታል፤ መምህሩም ደካማ ነው ብሎ ከኋላ ያስቀምጠዋል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። እናቶች ሕፃናታቸውን ለኩፍኝ ክትባት በ9ኛውና በ15ኛው ወር ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳሉ። በዚያው ቀን የጤና ሠራተኛው «ሕፃኑ ከኋላው ሲጠሩት ዘወር ይላልን? ድምፅ ወይም ቃል ያወጣልን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱንም በካርዱ ላይ ቢጽፍ ወጪው ጥቂት፥ ትርፉ ብዙ ነው። የተጠረጠረው ልጅ ደግሞ የሚላክበት ስፍራ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች የንግግር ሕክምና ባለሙያዎችን በብዛት ሊያሠለጥኑና ከዋና ከተማው ውጭ ባሉ ሆስፒታሎችም ሊመድቡ ይገባል። ባለሙያ በሌለበት መጠየቅ ብቻውን ለእናቲቱ ጭንቀት መጨመር ይሆናልና።

ወላጆችም ጠበል ማስጠመቃቸውና ጸሎታቸው ወደ ሐኪም ከመሄድ አይከለክላቸውም፤ ሁለቱም ከአንድ አምላክ የተሰጡ ናቸው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ዝምታ ወርቅ ነው ተብሎ የሚመሰገነው መናገር ለሚችል ሰው ነው፤ መናገር እየፈለገ ላልቻለ ሕፃን ግን ዝምታው ወርቅ አይደለም፤ ይህን አውቆ ፈጥኖ መርዳት የወላጅም የመንግሥትም ዕዳ ነው።