ድብርትን ማጥናት ምን ዓይነት እንጀራ ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ልክ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ በሽታን የሚደብቀው በሽተኛው ብቻ ነው እንዴ? ሰው ካልጠየቀውስ ለማን ይናገራል? በእኛ አገር ሰው ወባ ሲይዘው ወይም ኦፕራሲዮን ሲደረግ ብርቱካን ገዝተን «እግዜር ይማርህ» ልንለው እንሄዳለን። ለዚህም የምንጠቀምበት ቃል «መጠየቅ» የሚል ነው። የታመመ እንጠይቃለን። አንድ ልጅ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአልጋው አልነሳ፣ ምግብ አልበላ፣ ክላስ አልገባ ቢል ብርቱካን ይዞ የሚጠይቀው አይገኝም። «ደብሮት ነው፣ ተዉት ይለፍለት» ይባላል፤ አለቀ።

ይሄን ጠያቂ ያጣ በሽተኛ መጠየቅን ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች ግን አሉ። ድባቴን (በተለምዶ ድብርት የምንለውን)፣ ከልክ ያለፈ ጭንቀትንና ሌሎች የአእምሮ ሕመሞችን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ማለቴ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ በሽታው ሳይሆን ስለ እነሱ ማውራት ነው። እስቲ ከፍሬሽ ተማሪዎች መሐል ገብታችሁ «ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» በሉ። ሐኪም፣ ፓይለት፣ ኢንጂነር ይሏችኋል። ሐኪም ያለውም ቢሆን ቀዶ ጥገና ወይም የልብ ሕክምና እንጂ «ድብርትን ላጥና» አይላችሁም። የአእምሮ ሐኪም ሲባል እንኳ «የእብድ ሐኪም» የሚል ስም ይለጠፍበታል። እኔ የምለው ግን ይሄ ሙያ አገሪቱ አጥብቃ ከሚያስፈልጓት ሙያዎች አንዱ ነው፤ ሰው እንዳይገባበትና ገብቶም እንዳይቆይበት ያደረግነውም እኛው ነን። ለዚህም ከጋዜጠኞች ድርሻ የሚደርስ አለ ባይ ነኝ።

ነገሩ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 280 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ከድባቴ ጋር፣ 301 ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ ከጭንቀት ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ያው ድርጅት በ2020 ባደረገው ቅኝት መንግሥታት ከጤና በጀታቸው ለአእምሮ ጤና የሚሰጡት በአማካይ 2 በመቶ አካባቢ ሆኖ ተገኝቷል። ለሕክምናው 2 በመቶ ከተሰጠ ለምርምሩ የሚተርፈውን እናንተው ገምቱት።

ከአማኑኤል እስከ ቡታጅራ

እንደሚታወቀው በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። የሰዉ አፍ «አማኑኤል ይውሰዱህ» የሚል ስድብ የፈጠረውም በዚህ ምክንያት ነው። በ1960ዎቹ ሮበርት ጊል የሚባል የኔዘርላንድስ የአእምሮ ሐኪም እዚህ መጥቶ በትንሽ ከተማ ላይ ጥናት አድርጓል። አገሪቱ ግን የራሷን የአእምሮ ሐኪሞች በስፔሻሊስትነት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ይህን ሙያ የፈለገ ሐኪም ውጭ አገር ሄዶ ይማር ነበር። የሄደ ሁሉ ደግሞ እንደማይመለስ ማንም ያውቀዋል።

ከተመለሱት አንዱ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም ናቸው። ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲሠሩ የጥናት ቦታቸውን ያደረጉት ስቶክሆልምን ወይም አዲስ አበባን አይደለም፤ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ያለችውን ቡታጅራንና አካባቢዋን ነው። እዚያ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕዝቡን ልደትና ሞት የሚመዘግብ የገጠር ጤና ፕሮጀክት ስለነበር፣ የት ቤት ማን እንዳለ ይታወቃል። ከቤት ወደ ቤት እየተዞረ ከአሥር ሺህ የሚበልጡ አዋቂዎች 20 ጥያቄ ባለው መጠይቅ ተጠየቁ። እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ራስ ምታት፣ ማልቀስ፣ የመኖር ፍላጎት… ይሄንን የመሰለ ነው ጥያቄው። ወደ 17 በመቶ የሚሆኑት ከፍ ያለ የአእምሮ ጭንቀት አለባቸው ተባለ። «ገጠሬ ጭንቀት የለበትም፣ ጭንቀት የከተማ ሰው ቅንጦት ነው» ስንል ለኖርነው ይሄ መልስ ነው።

ከዚሁ ሥራ ጋር የአካባቢው ሽማግሌዎችና አዋቂዎች የአእምሮ ሕመምን እንዴት እንደሚያዩት ተጠይቀው ነበር። የሕመም ምልክት ነው ያሉት ብዙ ማውራትን፣ መደባደብንና ያልተለመደ ጠባይን ነው። ልብ በሉ! ዝም ያለ፣ ጥግ ይዞ የተቀመጠ ሰው ከዝርዝሩ ውስጥ ጎልቶ አይታይም። ድብርት ደግሞ ዝም ያሰኛል። ስለዚህ የሚጮኸው ወደ ጸበል ወይም ወደ ባህል ሐኪም ሲወሰድ ዝምተኛው እቤቱ ይቀራል።

ቡታጅራ በዚህ አላበቃችም። በ1998 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው ለማወቅ ተጠይቀዋል። ይሄ በማንኛውም አገር ትልቅ የሚባል ሥራ ነው። ቤት ለቤት ሲዞሩ የነበሩት ደግሞ ባለማዕረግ ዶክተሮች ሳይሆኑ ሃይስኩል ጨርሰው ሥልጠና የወሰዱ ወጣቶች ናቸው። በጭቃ፣ በፀሐይ፣ ውሻ እየተከላከሉ ማለት ነው። ስለ ተመራማሪ ስናስብ ነጭ ጋውን ብቻ ባይታየን ጥሩ ነው።

«የፈረንጅ በሽታ ነው»?

ሁለት ተቃውሞዎችን በተደጋጋሚ እሰማለሁ። አንደኛው «ድፕረሽን የፈረንጅ በሽታ ነው፤ ተመራማሪዎቹ የፈረንጅ መጠይቅ ተርጉመው እኛን በሽተኛ ያደርጉናል» የሚል ነው። ተቃውሞው ባዶ አይደለም። የሚገርመው ግን ይሄን ጥያቄ ከማናችንም በላይ አክርረው ያነሱት ራሳቸው ተመራማሪዎቹ መሆናቸው ነው። በወለዱ እናቶች ላይ ድባቴን ለመለየት በዓለም ሁሉ የሚሠራበት፣ በስኮትላንድ የተዘጋጀ፣ አሥር ጥያቄ ያለው «የኤድንብራ መጠይቅ» አለ። እንግሊዛዊቷ የአእምሮ ሐኪም ሻርሎት ሃንሎንና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ ይህን ቡታጅራ ላይ ሞከሩትና «እዚህ በደንብ አይሠራም» ብለው በ2008 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በ2010 ደግሞ ሌላ ጥናት አዲስ አበባ ላይ ሲሞክረው ሠራ። አንድ አገር፣ አንድ የአማርኛ መጠይቅ፤ ከተማ ላይ የያዘው ገጠር ላይ አልያዘም።

ለምን? ከጥያቄዎቹ አንዳንዶቹ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ያለባቸው ናቸው፤ ወደ አማርኛ ሲዞሩ ሸክም ጫንቃ ላይ የወጣ ይመስላሉ። እኛ ግን «ሐሳብ ገባኝ»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ «ጭንቅ ጥብብ አለኝ»፣ «ልቤ አልረጋ አለ» ነው የምንለው። አንዳንዷ እናት ደግሞ ምንም ሳትል «ራሴን ያመኛል» ብቻ ትላለች። የቱ ቃል የቱን ሕመም እንደሚናገር ለይቶ ማወቅ ሕክምና ብቻ አይደለም፤ የቋንቋ ሥራ ነው። ቋንቋ ደግሞ የኛ ዲፓርትመንት እንጀራ ነው።

እነዚሁ ተመራማሪዎች 1,065 ነፍሰ ጡሮችን ተከታትለው የአእምሮ ጭንቀት ያለባቸው እናቶች ምጣቸው እንደሚረዝም፣ ጡት ማጥባትም እንደሚያዘገዩ አግኝተዋል። በሌላ አገር እንደተባለው የሕፃኑን ክብደት ይቀንሳል ወይ ለሚለው ግን «እዚህ አላገኘንም» አሉ። ያላገኙትን አላገኘንም ማለት ለኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ትልቅ ትምህርት ይመስለኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሕክምና ሳይኖር መቁጠር ምን ዋጋ አለው?» የሚል ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው ያወጡትን እንይ። በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ተከታተሉ። 121ዱ ሞቱ። ከዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት ገደማ ተቀንሶ ነው የሞቱት። ግማሽ ያህሉን የገደለው ደግሞ ተላላፊ በሽታ ነው፤ ማለትም እኛ «የሚታከም» የምንለው። ይህን ካልቆጠሩ ማን ያውቀው ነበር? ሰው ሁሉ «እብድ ነበር፣ ሞተ» ብሎ ይቀብር ነበር እኮ።

ቆጠራው በቁጥርነት አልቀረም። አገሪቱ በ2012 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አወጣች። ከ2011 ጀምሮ ከቡታጅራ ብዙ በማይርቀው በሶዶ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ሕክምና እንዲሰጡ ተሞከረ። በ2022 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ለከባድ ሕመምተኞች የሚሰጡት ክትትል የአእምሮ ነርሶች ከሚሰጡት እንደማያንስ አሳየ። ይሄ ማለት አንድ ገበሬ ልጁን ወደ አማኑኤል ለማምጣት በሬውን መሸጥ የለበትም ማለት ነው።

እንጀራው ለምን ከበደ?

አንድ ሰው እዚህ ለመድረስ ሕክምና ስድስት ሰባት ዓመት፣ ስፔሻሊቲ ሦስት ዓመት፣ ሦስተኛ ዲግሪ ደግሞ አራት ዓመትና ከዚያም በላይ ይማራል። ሲጨርስ ሠላሳ አምስትን አልፏል። የዘመን ጓደኛው ክሊኒክ ከፍቷል፤ እሱ ፕሮፖዛል ይጽፋል። ገንዘቡ የሚመጣው በብዛት ከውጭ ነው፤ ለሦስት ወይም ለአምስት ዓመት። በሽታው ግን ዕድሜ ልክ ነው። ፕሮጀክት ሲያልቅ መረጃ ሰብሳቢው ይበተናል፣ መኪናው ይቆማል፣ ተመራማሪውም ቪዛ ቢጠይቅ ማን ይፈርድበታል? ቡታጅራ ውጤት ያመጣችው ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ለአሥርተ ዓመታት ስለቆዩ ነው። ስለዚህ መንግሥትና ዩኒቨርሲቲዎች ቢያንስ ሰውን የሚያቆይ፣ ከፕሮጀክት ወደ ፕሮጀክት የማያንጠለጥል የራሳቸው በጀት መመደብ አለባቸው እላለሁ። ዕድገት ሲሰጥም በውጭ ጆርናል ላይ የታተመው ብቻ ሳይሆን ለተጠኑት ሰዎች በቋንቋቸው ተመልሶ የተነገረውም ይቆጠር።

ከአፍሪካ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ዚምባብዌያዊው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ አንዲት ታካሚውን ያጣት ወደ ሆስፒታል የምትመጣበት የአውቶቡስ ገንዘብ አጥታ ሕይወቷን ስላጠፋች እንደሆነ በአደባባይ ተናግሯል። ከዚያ በኋላ «በሽተኛው ይምጣ» ማለቱን ትቶ በ2006 እ.ኤ.አ. በሐራሬ ጤና ጣቢያዎች ግቢ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠ፤ የሠፈር አያቶችን አሠልጥኖም አስቀመጠባቸው። አያቶቹ «ድፕረሽን» አይሉም፤ በሾና ቋንቋ «ብዙ ማሰብ» የሚለውን ቃል ነው የሚጠቀሙት። በ2016 የታተመው ጥናት በ24 ክሊኒኮች 573 ሰዎችን ይዞ ሲያወዳድር ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የነበረባቸው ከወንበሩ ተጠቃሚዎች 13.7 በመቶ፣ ከሌሎቹ ግን 49.9 በመቶ ነበሩ። እኛ ጋ አያት ጠፍቶ ነው? ቡና የሚጠጣበት ሰዓት ጠፍቶ ነው? የጠፋው ይሄን በጥናት የሚሞክረውና ሲሞክር የሚቆይ ሰው ነው።

የኛስ ድርሻ?

አምና በዶርማችን አንድ ልጅ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ቤተሰቡ ሄደ። ፈተና አልወደቀም። ግማሹ «ፍቅር ይዞት ነው»፣ ግማሹ «ዓይን በልቶት ነው» አለ። ወሬው ሳምንት ቆይቶ ተረሳ። ስሙን የማልጠራው መብቱ ስለሆነ ነው፤ ነገሩን የማነሳው ግን እያንዳንዳችሁ እንዲህ ዓይነት አንድ ሰው ስለምታውቁ ነው። ስለሱ በጋዜጣ ላይ ምን ተጽፏል? የአእምሮ ሕመም ጋዜጣ ላይ የሚወጣው አንድም ለቀልድ፣ አንድም ወንጀል ሲሠራ፣ አንድም በተአምር ዳነ ሲባል ነው። ተመራማሪው ሃያ ዓመት የደከመበት ነገር በእንግሊዝኛ ጆርናል ታትሞ ሲቀር የአገሩ አንባቢ አያገኘውም። ይህ የተመራማሪው ጥፋት ብቻ አይደለም። እኛም ሄደን አልጠየቅነውም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በጤና ዘገባ ኮርሳችን ውስጥ የጥናት ጽሑፍ አንብቦ በአማርኛ የመጻፍ አሳይመንት ይግባ። ሁለተኛ፣ ራስን ስለ ማጥፋት እንዴት እንደሚዘገብ የዓለም ጤና ድርጅት ለጋዜጠኞች ያዘጋጀው መመሪያ አለ፤ ከመመረቃችን በፊት እንማረው፤ መምህራኖቻችን ይህን እንደማይነፍጉን አምናለሁ። ሦስተኛ፣ ይህች ቡለቲን በየእትሟ አንድ ተመራማሪን፣ ወይም አንድ ቤት ለቤት የሚዞር መረጃ ሰብሳቢን ታነጋግር። ጥያቄው ከባድ አይደለም። ምን አያችሁ? ምን አላገኛችሁም? ነገ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የት ትሄዳላችሁ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ሰው በሰፊው ከሰማት የሚመልሳት ባለሥልጣን አይጠፋም። እስከዚያው ግን በአጠገባችሁ ያለው አልጋ ላይ ሦስት ሳምንት የተኛ ካለ፣ ብርቱካኑ ይቅርና ሄዳችሁ ጠይቁት።