«የቀድሞ ባለሥልጣን» የሚለው ሲቪ ዋሽንግተን ላይ ምን ይሸጣል?

አንድ ሰው ሊንክድኢን ላይ «የአቪዬሽን ሕግና የመንግሥት ጉዳዮች አማካሪ» ብሎ ቢጽፍ ምን እንደሚሠራ ይገባችኋል? ብዙዎቻችን ጠበቃ ነገር ይመስለናል። አሜሪካ ውስጥ ግን ይሄ ስም ራሱን የቻለ ትልቅ ገበያ አለው። ነገሩ ደግሞ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከቢሾፍቱው አደጋ ጋር በቀጥታ የሚገናኙ ሰዎች ሲቪ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

እስቲ ወደ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም እንመለስ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ ወደቀ። 157 ሰው አለቀ። ከአምስት ወር በፊት ኢንዶኔዥያ ላይ የላየን ኤር አውሮፕላን 189 ሰው ይዞ ባሕር ውስጥ ገብቶ ነበር። ሁለቱም ቦይንግ 737 ማክስ ናቸው። በሁለቱም ላይ ኤምካስ የሚባለው ሲስተም ከአንድ ሴንሰር ብቻ የተሳሳተ መረጃ ተቀብሎ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክሶቹን ወዲያው አቆመ። ቻይና በማግስቱ አገደች፣ አውሮፓም መጋቢት 12 ተከተለች። የዛን ዕለት ማታ ግን የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) አውሮፕላኑን ለማገድ የሚያበቃ ምክንያት አላየሁም አለ። ካናዳም ካገደች በኋላ ነው መጋቢት 13 አሜሪካ ያገደችው።

በዛን ሰዓት ኤፍኤኤን በተጠባባቂነት ይመሩ የነበሩት ዳን ኤልዌል ናቸው። ሲቪያቸውን እንክፈተው። የአየር ኃይል አብራሪ ነበሩ። ከዛ የአሜሪካን ኤርላይንስ አብራሪ፣ ቀጥሎ እዛው ኩባንያ ውስጥ የመንግሥት ጉዳዮች ሠራተኛ ሆኑ። ከዛ ኤፍኤኤ ገቡ። ከኤፍኤኤ ወጥተው የአሜሪካ ኤሮስፔስ ኢንዱስትሪዎች ማኅበር (ኤአይኤ) የሲቪል አቪዬሽን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከዛ የአየር መንገዶቹ ማኅበር ጋር ሠሩ። ቀጥሎ የራሳቸውን የአቪዬሽን አማካሪ ድርጅት ከፈቱ። በ2017 ተመልሰው የኤፍኤኤ ምክትል ኃላፊ ሆኑ። መንግሥት፣ ኢንዱስትሪ፣ የግል አማካሪነት፣ እንደገና መንግሥት።

ከሳቸው ሥር የደኅንነት ዘርፉን የሚመሩት አሊ ባህራሚ ነበሩ። እሳቸው ለረጅም ዓመታት የኤፍኤኤ ሰው ናቸው፤ ሲያትል አካባቢ ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላኖችን የሚያጸድቀውን ቢሮ ይመሩ ነበር። በ2013 ለቀው ኤአይኤ ገቡ። በየትኛው ወንበር? ኤልዌል በለቀቁት! በ2017 ደግሞ እሳቸውም ወደ ኤፍኤኤ ተመለሱ። ቦይንግ የኤአይኤ አባል ነው። እንግዲህ 737 ማክስ ይቁም ወይስ ይብረር የሚለውን ከሚወስኑት ሰዎች ሁለቱ፣ አምራቾቹን ወክሎ መንግሥትን በሚያነጋግረው ማኅበር ውስጥ አንዱን ወንበር ተራ በተራ የተቀመጡበት ናቸው ማለት ነው።

ይሄን የምለው ሰዎቹ ገንዘብ በልተው ዝም አሉ ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ማስረጃ የለም። ሁለቱም አውሮፕላን ያውቃሉ። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ሰው ለዓመታት ደሞዝ የሚከፈለው «ቁጥጥሩ ይፍጠንልን፣ የማጽደቁን ሥራ ለኩባንያዎቹ ይበልጥ ልቀቁልን» እያለ እንዲከራከር ከሆነ፣ ወደ መንግሥት ወንበር ሲመለስ መጀመሪያ የሚታየው ምንድነው? ከላየን ኤር አደጋ በኋላ ኤፍኤኤ ራሱ ስሌት ሠርቶ ነበር። ኤምካስ ካልተስተካከለ በማክሶቹ ዕድሜ ዘመን 15 ገደማ አደጋ ሊደርስ ይችላል የሚል ነው ውጤቱ። አውሮፕላኑ ግን ማስተካከያው እስኪደርስ መብረሩን ቀጠለ። ቢሾፍቱ የሆነው በዚህ መሐል ነው።

(በነገራችን ላይ ከኤልዌል በፊት ኤፍኤኤን ይመሩ የነበሩት ማይክል ዌርታ በ2018 ሥልጣን እንደለቀቁ የዴልታ አየር መንገድ ቦርድ ገቡ። ከኤልዌል በኋላ ደግሞ ኤፍኤኤን እንዲመሩ የተሾሙት የዴልታ ከፍተኛ ኃላፊ የነበሩት ስቲቭ ዲክሰን ናቸው። ልውውጥ ይመስላል።)

እሺ፣ ኩባንያዎች እነዚህን ሰዎች ለምን ይፈልጓቸዋል? ግማሹ መልስ ንጹሕ ነው። የአቪዬሽን ሕግ ከባድ ነው። አንድን አውሮፕላን ማጽደቅ ዓመታት ይፈጃል፣ ሰነዱ ተራራ ነው። የበረራ መብት በአገሮች ስምምነት ነው የሚገኘው። እዛ ውስጥ 20 ዓመት የሠራ ሰው ሌላው ወር ሙሉ የሚዳክርበትን በአንድ ስልክ ይፈታዋል። ሌላው ግማሽ ግን ያቺ ስልክ ናት። ማን ጋ ነው የሚደወለው? የድሮ የሥራ ባልደረባው ጋ።

ሕግ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። አለ። አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ከለቀቀ በኋላ ለአንድ ዓመት የድሮ መሥሪያ ቤቱን ለሌላ ሰው ብሎ ማግባባት አይችልም። በግሉ ይዞት በነበረ ጉዳይ ላይ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ተከልክሏል። የኤፍኤኤ ኢንስፔክተሮችም ወደ ሚቆጣጠሩት አየር መንገድ ሲሄዱ የሁለት ዓመት ገደብ አለባቸው።

ቀዳዳው ያለው «አማካሪ» የሚለው ቃል ውስጥ ነው። ሕጉ በዋናነት የሚከለክለው ራስህ ደውለህ ወይም ቀርበህ ማግባባትን ነው። ከጀርባ ሆኖ መምከር በአብዛኛው አይከለከልም። ሰኞ ከመሥሪያ ቤቱ የወጣ ሰው ማክሰኞ ኩባንያው ቢሮ ቁጭ ብሎ «ደብዳቤውን ለእገሌ ላኩት፣ እንዲህ አድርጋችሁ ጻፉት፣ እሱ የሚፈራው ይሄን ነው» ቢል፣ እሱ ራሱ እስካልደወለ ድረስ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የለም። የሎቢ ሕጉም እንደዛው ነው። ለአንድ ደንበኛ በሦስት ወር ውስጥ ከሚሠራው ሥራ የሎቢው ድርሻ 20 በመቶ ካልደረሰ በሎቢስትነት መመዝገብ አይጠበቅበትም። ስለዚህ ቢዝነስ ካርዱ ላይ «ሎቢስት» ብሎ የሚጽፍ ብዙም አታገኙም። ቦይንግ በ2018 ለሎቢ አወጣሁ ብሎ ያስመዘገበው 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከጀርባ ለሚመክሩት የሚከፈለውን ግን ይሄ ቁጥር በሙሉ አያሳያችሁም።

ፍርድ ቤት በር ላይም ያው ገበያ ነው። ጥር 2021 ቦይንግ ከአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ፈረመና ክሱ እንዲዘገይ ተደረገ። ከዚህ ውስጥ የወንጀል ቅጣቱ 243.6 ሚሊዮን ብቻ ነው። ለሟች ቤተሰቦች 500 ሚሊዮን ተመደበ። ትልቁ ድርሻ፣ 1.77 ቢሊዮኑ፣ ለአየር መንገዶች ነው። ለቦይንግ የቆሙት ማርክ ፊሊፕ የሚባሉ የከርክላንድ ኤንድ ኤሊስ ጠበቃ ናቸው። ከዛ በፊት የፌዴራል ዳኛ፣ ቀጥሎም የዛው ፍትሕ መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ሰው ነበሩ። በመንግሥት በኩል ከፈረሙት አንዷ የሰሜን ቴክሳስ ዋና የፌዴራል ዓቃቤ ሕግ ናቸው። እሳቸውም በዛው ወር ሥራቸውን ለቀው ከወራት በኋላ ገቡ፤ የት? ከርክላንድ። ሕግ ጥሰዋል ያላቸው ፍርድ ቤት የለም። ቤተሰቦቹ ግን ይሄን ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው መገመት አይከብድም፤ ስምምነቱ ሲደረግ አንዳቸውም አልተጠየቁም ነበር።

የሚገርመው ቤተሰቦቹም ያገኙት ሰው «የቀድሞ» ነው። ፖል ካሰል የዩታ የፌዴራል ዳኛ ነበሩ። ዳኝነቱን ትተው የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኑ፣ የቤተሰቦቹን ጉዳይም ያለክፍያ ያዙ። በጥቅምት 2022 የቴክሳሱ ዳኛ ሪድ ኦኮነር የሁለቱ አውሮፕላኖች ሟቾች በሕግ ዓይን የወንጀል ሰለባዎች ናቸው ብለው ወሰኑ። ያ ቃል እስከዛ ድረስ ከመንግሥት አፍ አልወጣም ነበር። እዚህ ላይ የቀድሞ ዳኛ ዕውቀት ለማን እንደዋለ አያችሁ።

ጉዳዩ ከዛም ብዙ ተጓተተ። ቦይንግ ጥፋተኝነቱን ሊያምን የተስማማበትን ሰነድ ዳኛው በታኅሣሥ 2024 አልቀበልም አሉ። በ2025 ፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ከቦይንግ ጋር ላለመክሰስ ተስማማ። ኅዳር 2025 ዳኛ ኦኮነር በስምምነቱ እንደማያምኑበት ጽፈው፣ መንግሥት አልከስም ካለ ግን ማስገደድ እንደማይችሉ ገልጸው መዝገቡን ዘጉት። ካሰልም የቤተሰቦቹን ይግባኝ ይዘው ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት ሄዱ።